ግሪኮችም ጭቃ ያቦኩ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ለጦርነት ጨዋታ ለምሠራቸው የጥንት ግሪክ ቤቶች ሞዴል ግድግዳ የትኛውን ነጭ ልቀባ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም የማይከብድ ጥያቄ ነው፤ እኔን ግን ሌሊቱን ሲያገላብጠኝ አደረ።

የዛሬ 20 ዓመት ገደማ፣ ቨርጂኒያ ባለው ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ ትናንሽ የወታደር ምስሎች ለሚሰለፉበት የጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታ የጥንቷን የግሪክ ከተማ የፕላታያን ሞዴል እሠራ ነበር። ታሪኩን የጻፈው የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431፣ ከ300 የሚበልጡ የጠላት ከተማ የቴብስ ወታደሮች፣ ከዳተኞች በር ከፍተውላቸው በሌሊት ከተማዋ ገቡ። ነዋሪዎቹ መንገድ ላይ እንዳይታዩ የጋራ ግድግዳቸውን እየቦረቦሩ ከቤት ወደ ቤት ተሰባሰቡ፤ ሴቶቹና ባሮቹም ከላይ ድንጋይና የጣሪያ ሸክላ አወረዱባቸው።

እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ ቤቶቹን ከፎም ጥርብ ድንጋይ አስመስዬ ሠራኋቸው! ፎሙን በቢላ እየጫርኩ የድንጋይ መስመር አወጣሁለት፤ ነጭ ቀባሁት። በሙያዬ አርክቴክት ነኝ፤ ግሪክ ሲባል እብነ በረድ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭቃ ሲያቦኩ፣ ግድግዳ ሲመርጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ታሪኩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና አንዱን ቤት በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «እነዚህ ሰዎች ጭቃ አልነበራቸውም?» አሉኝ።

«አባባ፣ ግሪኮች እኮ ናቸው» አልኳቸው። ያ አነጋገሬ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ።

ዝም አሉ። ቆይተው ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ «ድንጋይ ከሆነማ በአንድ ሌሊት እንዴት ይቦረቦራል? ጭቃም ቢሆን ከሥሩ ድንጋይ ካልተደረገለት ዝናብ ይበላዋል» አሉ።

አባቴ ከዚህ ዓለም ካረፉ በኋላ ነው ስለ ጥንቷ የግሪክ ከተማ ስለ ኦሊንቶስ ያነበብኩት። ከተማዋን የመቄዶንያው ንጉሥ ፊሊጶስ በ348 ከክርስቶስ ልደት በፊት አፈረሳት፤ ከ1928 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. ስትቆፈር ከመቶ በላይ ቤቶች ተገኙ። ከሥራቸው ድንጋይ፣ ግድግዳቸው የጭቃ ጡብ። ግሪኮች ቤት ሰባሪ ሌባን «ግድግዳ ቆፋሪ» ይሉት እንደነበርም ያኔ አወቅሁ።

ዛሬ እናንተ ወጣት ሞዴል ሠሪዎች ሁሉን በ3D ፕሪንተር ታወጡታላችሁ። ጭቃ ነክታችሁ ስለማታውቁ ግድግዳችሁ እንደ ሳሙና ይለሰልሳል። ስለ ትክክለኛነት ብዙ አትጨነቁ፣ ጨዋታ ነው፤ ግን ነጭ ቤተ መቅደስ ሳይ ያመኛል። ዶሪክ በሚባለው የግሪክ አሠራር ከሆነ ከዓምዶቹ በላይ ያሉትን ባለሦስት ሸንተረር ድንጋዮች ሰማያዊ ቀቧቸው፤ ቀይም አይቅር።



አንተ ጠያቂው፣ ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር የሆነ የወታደር ምስል ከሆነ የምታቆመው፣ ከግድግዳው ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ድንጋይ አድርግ። ከዚያ በላይ ኮላና ደቃቅ አሸዋ ለውሰህ ምረግ፤ ለጭዱ የጆንያ ክር በመቀስ ክተፍበት። ጣሪያው የሚነሣ ይሁን፤ ሸክላ የሚወረውሩት ሴቶች የሚቆሙበት ያስፈልጋቸዋል። አባቴ ጭቃ ሦስት ቀን ካልቦካ አይሆንም ይሉ ነበር። ኮላ ግን ያን ያህል አይጠብቅህም፤ ቶሎ በል።