«እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል» ተብያለሁ፤ ምን ላድርግ?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ጥያቄዎች በእርግዝና ወቅት የእንግዴ ልጅን አቀማመጥ የሚመለከቱ ናቸው። መልስ የሰጡት የዓምዱ የማሕፀንና ፅንስ ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ የ22 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ እርግዝናዬም የመጀመሪያዬ ነው። በቅርቡ አልትራሳውንድ ስነሣ ባለሙያዋ «እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ከማሕፀን በር 14 ሚሊ ሜትር ይርቃል» ብላ በ32ኛው ሳምንት እንድመለስ ቀጠሮ ሰጠችኝ። ደም አልፈሰሰኝም፤ የሚያመኝም ነገር የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ባለቤቴ ከአልጋ እንዳልወርድ ይፈልጋል፤ እናቴ ደረጃ እንዳልወጣ ከልክላኛለች፤ አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ በኦፕራሲዮን መውለድሽ አይቀርም ብላኛለች። እንግዴ ልጁ ወደ ላይ እንዲመለስ ላደርገው የምችለው ነገር አለ? ሥራዬንስ ልተው?

መልስ፦ አስቀድመን የተነገረዎትን ቁጥር እንረዳው። የእንግዴ ልጁ ጠርዝ ከማሕፀን በር የውስጠኛው አፍ ከ20 ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሲገኝ «ዝቅ ብሎ የተቀመጠ» ይባላል። አፉን ራሱን ከሸፈነው ግን ከዚህ የከበደ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሌላ ሁኔታ ነው። ሁለቱ በንግግር ላይ እየተቀላቀሉ ስለሚጠሩ፣ ብዙ እናቶች የመጀመሪያው ተነግሯቸው በሁለተኛው ሲጨነቁ አያለሁ። የእርስዎ 14 ሚሊ ሜትር ከመጀመሪያው የሚመደብ ነው፤ የማሕፀንዎ በር አልተሸፈነም። ባለሙያዋ ልኬቱን በቁጥር መንገሯ ደግሞ የሚመሰገን ነው፤ «ዝቅ ብሏል» ብቻ ተጽፎበት የሚሰጥ የምርመራ ውጤት በቀጣዩ ቀጠሮ ለሚያይዎት ሐኪም ብዙም አይጠቅመውም።

ምርመራው የተደረገበት ጊዜም ከልኬቱ ባልተናነሰ ሊታሰብበት ይገባል። በእርግዝና አጋማሽ ላይ የማሕፀን የታችኛው ክፍል ገና በቅጡ አልተዘረጋም። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ይህ ክፍል እየሳሳና እየተለጠጠ ሲሄድ በእንግዴ ልጁ ጠርዝና በማሕፀኑ በር መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። እንግዴ ልጁ ከተጣበቀበት ተላቆ ወደ ላይ የሚጓዝ የሚመስላቸው አሉ፤ እንደዚያ አይደለም፤ የሚያድገው የተጣበቀበት ግድግዳ ነው። ከዚህ በተጨማሪ እንግዴ ልጁ ራሱ ደም በደንብ በሚያገኝበት በላይኛው በኩል እየሰፋ፣ የደም አቅርቦቱ አነስተኛ በሆነበት በታችኛው ጠርዙ በኩል እየሟሸሸ ይሄዳል። በእርግዝና አጋማሽ እንግዴ ልጃቸው ዝቅ ብሎ ከተገኘ 10 እናቶች የ9ኙ ያህል እስከ መውለጃቸው ጊዜ ድረስ ከማሕፀን በር ይርቃል። ስለዚህ የ32ኛው ሳምንት ቀጠሮ የተሰጠዎት ነገሩ ችላ ተብሎ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ደጋግሞ ማየት የሚለውጠው ነገር ስለሌለ ነው።

እንግዲህ እንግዴ ልጁን ወደ ላይ ለማንሣት እርስዎ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር የለም፤ ዝቅ ያለውም እርስዎ ባደረጉት ወይም ባላደረጉት ነገር አይደለም። በተለየ አተኛኘት፣ በእንቅስቃሴም ሆነ በመድኃኒት አይነሣም። ሆድን በማሸት ለመመለስ መሞከር ደግሞ ደም እንዲፈስ ሊያደርግ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከር።

ባለቤትዎ አልጋ ላይ እንዲቆዩ መፈለጋቸው ከአሳቢነት የመጣ ቢሆንም፣ ደም ላልፈሰሳት እናት ተኝቶ መዋል እንደሚጠቅም የተረጋገጠ ነገር የለም። ጉዳቱ ግን ይታወቃል፦ እርግዝና በራሱ ደም በእግር ሥሮች ውስጥ የመርጋት ዕድሉን ይጨምራል፤ ለሳምንታት መተኛት ደግሞ ይህን ያባብሰዋል፤ ጡንቻም ይደክማል፤ መንፈስም ይጎዳል። ደረጃ መውጣት፣ በእግር መንሸራሸርና ቀላል የቤት ሥራ በእርስዎ ሁኔታ ላይ ላለች እናት የሚከለከሉ አይደሉም። ሥራዎ ከባድ ዕቃ ማንሣት ወይም ቀኑን ሙሉ መቆም የሚጠይቅ ከሆነ ቀለል ያለ ምድብ እንዲሰጥዎት የሐኪም ማስረጃ ይጠይቁ እንጂ ሥራውን መተው አያስፈልግዎትም። ሳይጠየቅ የሚቀረው ግን ባልና ሚስት ሁሉ የሚያስቡት ጉዳይ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ደም ለፈሰሳት ወይም የማሕፀን በሯ ለተሸፈነ እናት እንድትታቀብ ይመከራል። ደም ላልፈሰሳትና እንግዴ ልጇ ዝቅ ብቻ ላለ እናት ግን የሐኪሞች ምክር አንድ ዓይነት አይደለምና፣ ባለቤትዎ ባሉበት ሐኪምዎን በግልጽ ይጠይቁ።

አሁን ትኩረትዎን ሁሉ ከቦታው ላይ አንሥተው ወደ ደሙ እንዲያዞሩ እፈልጋለሁ፤ በዚህ እርግዝና ውስጥ እርስዎ በእርግጥ ልዩነት ሊያመጡ የሚችሉት እዚህ ላይ ነውና። ከእንግዴ ልጅ ዝቅ ማለት ጋር የተያያዘ ደም ብዙውን ጊዜ ደማቅ ቀይ ነው፤ ሕመም ላይኖረው ይችላል፤ ከእንቅልፍ ሲነቁ ወይም ተቀምጠው ሳለ ያለ ምንም ምክንያት ሊጀምር ይችላል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በመጠን ትንሽ ሆኖ በራሱ ይቆማል፤ አደገኛው ነገርም ይኸው መቆሙ ነው። «ቆሟል፤ ነገ እሄዳለሁ» ብለው የሚያድሩ እናቶች አሉ፤ ተከትሎ የሚመጣው ደም ግን መቼና በምን ያህል መጠን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ደም በማንኛውም መጠን ቢያዩ፣ የእንሽርት ውሃ ቢፈስ ወይም ሆድዎ እየጠነከረ እየላላ የምጥ ዓይነት ስሜት ቢመጣ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሞዴስ ከውጭ ያድርጉ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር አይጠቀሙ። የቀየሩትን ሞዴስ አይጣሉት፤ የፈሰሰውን ደም መጠን ለመገመት ሐኪሙ ሊያየው ይፈልጋል። መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳ፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችልም መንገድ ላይ ምንም አይብሉ፣ አይጠጡ።

ሆስፒታል እንደደረሱ ለመጀመሪያው ተቀባይ የሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑርዎት፦ «እንግዴ ልጄ ዝቅ ያለ ነው፤ አልትራሳውንድ ሳልታይ በጣት እንዳልመረመር።» ይህ ድፍረት አይደለም። የእንግዴ ልጁ ቦታ ሳይታወቅ የማሕፀንን በር በጣት መመርመር ብዙ ደም ሊያስነሣ ስለሚችል የማዋለጃ ክፍል ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን በሥራ ጫና ውስጥ ያለ ሰው ታሪክዎን ላያውቅ ይችላል። ያለፈውን የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የደም ዓይነትዎንና የመጨረሻውን የደም ምርመራ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ይያዙ፤ ባለቤትዎም ስልክ ላይ ይኑር። የደም ዓይነትዎ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነ ደም በፈሰሰ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ሊያስፈልግዎት ስለሚችል፣ ይህንንም ለይተው ይንገሩ።

የደም ክምችትዎን ከአሁኑ ማጠናከርም ከማንኛውም ጥንቃቄ የሚተናነስ አይደለም። ሄሞግሎቢኗ ጥሩ የሆነ እናት የምትቋቋመው የደም መፍሰስ የደም ማነስ ያለባትን ይጥላታል። በእርግዝና ወቅት ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ11 ግራም ሲያንስ የደም ማነስ ይባላል። የታዘዘልዎትን የአይረን ኪኒን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ ሻይና ቡና የብረት ማዕድኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከኪኒኑ ሰዓት አርቀው ይጠጡ።

በ32ኛው ሳምንት ምርመራው በብልት በኩል በሚገባ መሣሪያ እንዲደረግ ቢነገርዎት አይደንግጡ። መሣሪያው ወደ ማሕፀን በር ውስጥ አይገባም፤ ደም የማፍሰስ አደጋ እንደማያስከትልም የታወቀ ነው፤ በሆድ ላይ ከሚደረገው ይልቅም ርቀቱን በትክክል ይለካል። ለዚህ ምርመራ ፊኛዎ ባዶ መሆን አለበት። በሽንት የተሞላ ፊኛ የማሕፀንን የታችኛውን ግድግዳዎች እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው፣ በትክክለኛው ቦታ ያለ እንግዴ ልጅ እንኳ ዝቅ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል። በሆድ ላይ ተለክተው የተጨነቁ፣ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ልኬቱ ተለውጦ የሚያገኙ እናቶች አሉ። በዚያው ምርመራ ላይ ከእትብቱ የወጣ የደም ሥር በማሕፀኑ በር ላይ አለማለፉ በቀለም ዶፕለር (የደም ፍሰትን በቀለም በሚያሳይ አልትራሳውንድ) እንዲታይልዎት ይጠይቁ፤ እንግዴ ልጁ ከራቀ በኋላም ይህ አልፎ አልፎ ስለሚገኝና ለሕፃኑ አደገኛ ስለሆነ ነው።

በዚያ ጊዜ ርቀቱ ከ20 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጉዳዩ አበቃ፤ እንደ ማንኛዋም እናት በምጥ መውለድ ይችላሉ። ካላለፈ በ36ኛው ሳምንት አካባቢ እንደገና ይለካል። ያኔም ከ11 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ደምና የቀዶ ሕክምና ክፍል በቅርብ ባሉበት በምጥ መሞከር የሚቻል ሲሆን የሚሳካላቸውም ብዙዎች ናቸው። 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ሲሆን የደም መፍሰሱ ዕድል ከፍ ስለሚል ብዙ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን ይመርጣሉ። ጓደኛዎ «አይቀርም» ያሉት እንግዲህ ዛሬ ላይ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገረው የማይችለውን ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሁለት ልጆቻችንን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። አሁን የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር ስትሆን እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ሙሉ በሙሉ ሸፍኗል፤ አንድ ጊዜ ደም ፈስሷት ተኝታ ከታከመች በኋላ ወደ ቤት ተመልሳለች። ሐኪሟ እስካሁን የምትከታተልበትን ሆስፒታል ትታ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እንድትዛወር ነግረዋታል። ይህን ያህል የሚያስፈራ ነው ወይስ ከጥንቃቄ ብዛት ነው?

መልስ፦ ከጥንቃቄ ብዛት አይደለም፤ ምክራቸውን ሳይዘገዩ ይቀበሉ። እንግዴ ልጅ በቀድሞ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ ሲያርፍ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ከሚገባው በላይ ተጣብቆ ሥር ሊሰድ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሕፃኑ ከወጣ በኋላ አልላቀቅ ይልና ብዙ ደም ይፈስሳል። የማሕፀን በር በተሸፈነበት እርግዝና የዚህ ዕድል ቀድሞ በቀዶ ሕክምና ላልወለደች እናት በመቶ 3 ያህል፣ ከአንድ ቀዶ ሕክምና በኋላ 11፣ ከሁለት በኋላ 40 ያህል እንደሆነ ተመዝግቧል። ባለቤትዎ ከመጨረሻዎቹ መካከል ናቸው። ከመቶ 60ዎቹ ያህል ይህ አያጋጥማቸውም ማለት ነው፤ ቢሆንም የሚያጋጥማትን እናት የሚያድናት አስቀድሞ መታወቁና የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ መጠበቁ ነው፦ የተዘጋጀ ደም፣ ልምድ ያላቸው የቀዶ ሕክምናና የሰመመን ሐኪሞች፣ ቀኑ ሳይደርስ ለሚወለድ ሕፃን የሚሆን ክፍል።

በአዲሱ ሆስፒታል በመጀመሪያው ቀጠሮ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። አንደኛ፣ እንግዴ ልጁ ወደ ማሕፀኑ ግድግዳ አለመዝለቁ በባለሙያ አልትራሳውንድ ይታይ። ሁለተኛ፣ የመውለጃው ቀን ይታወቅ፤ ደም ሳይፈስ ለቆየች እናት ብዙውን ጊዜ ከ36ኛው እስከ 37ኛው ሳምንት ይመረጣል፤ ደም ለፈሰሳት ግን ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። ቀኑ ወደፊት ከቀረበ የሕፃኑን ሳንባ የሚያጎለምስ መርፌ አስቀድሞ ይሰጣል። ሦስተኛው ለመስማት የሚከብድ ነው፦ ደሙ አልቆም ካለ ሕይወቷን ለማትረፍ ማሕፀኗ ሊወጣ እንደሚችል ሐኪሙ ሊነግራችሁ ይገባል። ስምምነቱን የምትሰጠው ባለቤትዎ ናት፤ ይህንንም በሰመመን ክፍል በር ላይ ተጣድፋ ሳይሆን ቀደም ብላ፣ ጥያቄዎቿን ሁሉ ጠይቃ እንድትወስነው ያድርጉ። ቤታችሁ ከሆስፒታሉ የሚርቅ ከሆነም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በቅርብ የሚያርፉበትን ቦታ ከአሁኑ ይፈልጉ፤ ብቻዋን የምታድርበት ሌሊት አይኑር።

ጥያቄ፦ በመጀመሪያ እርግዝናዬ እንግዴ ልጄ የማሕፀኔን በር ሸፍኖ ስለነበር በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ። ይደገምብኛል?

መልስ፦ ዕድልዎ ይህ አጋጥሟት ከማታውቅ እናት ከፍ ያለ ቢሆንም አብዛኞቹ እናቶች አይደገምባቸውም። ዕድሉን ከሚጨምሩት ነገሮች መካከል የዕድሜ መግፋት፣ መንታ ማርገዝና ቀደም ሲል የማሕፀን ጠረጋ መደረግ በእጅዎ ያሉ አይደሉም፤ ሲጋራ ማጨስ ግን በእጅዎ ነውና የሚያጨሱ ከሆነ ከማርገዝዎ በፊት ያቁሙ። ማርገዝዎን እንዳወቁ የዘጠነኛውን ሳምንት ሳይጠብቁ አልትራሳውንድ ይታዩ፤ በዚያ ጊዜ የሚፈለገው የእንግዴ ልጁ ቦታ ሳይሆን ፅንሱ በቀድሞው ጠባሳ ላይ አለማረፉ ነው፤ ለሚመረምርዎት ሰውም በቀዶ ሕክምና መውለድዎን ሳይጠየቁ ይንገሩ።