የእሳት ራቷ አዲስ ዝርያ መሆኗ በምን ይታወቃል?

ወንድሜ፣ ከትንሽ ደሴት የተያዘች የእሳት ራት አዲስ ዝርያ መሆኗ በምን እንደሚታወቅ ጠይቀሃል። በክንፏ ቀለም ብቻ አትመን። እዚህ አራት ኪሎ በረንዳዬ መብራት ላይ የሚያርፉት እንኳ ብናኛቸው ሲረግፍ ሌላ ይመስላሉ። ዋናው ምስክር የመራቢያ አካሏ ነው፤ የሆዷ ጫፍ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በሚባል ኬሚካል ይለሰልስና በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በቀጭን መርፌ፣ ትንፋሽ ተይዞ ይፈታል። ከዚያ ቀድመው ከተሰየሙ ዘመዶቿ ጋር ማነጻጸር ይከተላል፤ ጊዜ የሚበላው ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የአዲሱን ዝርያ ስም የሚሸከመው፣ ማለትም ለስሙ መመሳከሪያ የሚሆነው ናሙና በግልጽ ካልተመደበ ስሙ አይጸናም። ክንፏ አጭር ከሆነ ጉድለት ነው ብለህ አትጣላት፤ በደቡባዊ ህንድ ውቅያኖስ ባሉት፣ ነፋስ በሚበረታባቸው የኬርጌለን ደሴቶች መብረር የማይችሉ የእሳት ራቶች አሉ።