«ለዓድዋ ትርኢት ሽጉጥ አምጥተውልናል፤ ችግር አለው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። ሰሜን ለንደን ውስጥ የአንድ የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤት አስተባባሪ ነኝ። ለዓድዋ በዓል ልጆቹ አዳራሽ ውስጥ ትርኢት ያቀርባሉ። ከዚያ በፊት በሰፈሩ መንገድ እየፎከሩ ይሄዳሉ። አንድ አባት ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዛውን ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ «ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ጥይት አይተፋም» ብሎ አመጣልን። ቀለሙ ብርቱካናማ ስለሆነ ጥቁር እንቀባው የሚሉ አሉ። ሌላው ወላጅ ደግሞ ከእንጨት ውጅግራ እየጠረበ ነው። ፈቃድ ማውጣት አለብን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የቀለሙን ነገር ያስቁሙልኝ። አስመሳይ ሽጉጥን እውነተኛ እንዲመስል አድርጎ መለወጥ በራሱ ወንጀል ነው። ይህን የሚከለክለው የ2006ቱ የብሪታንያ ሕግ (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኦክቶበር 2007 ጀምሮ እየተሠራበት ነው። እውነተኛ የሚመስለውን መሥራት፣ መሸጥና ከውጭ ማስገባትም እንዲሁ ክልክል ነው። ከዱባይ ወይም ከኢስታንቡል በሻንጣ ይዞ መምጣትም ይጨምራል። ሱቅ ውስጥ የምናያቸው አስመሳዮች ደማቅ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ የሆኑት ለዚህ ነው። ያንን ቀለም በሁለት ፓውንድ ስፕሬይ ማጥፋት ልጆቹን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሽጉጡ ግን ከቀለሙም የባሰ ጉዳይ አለው። አሠራሩን ይጠይቁልኝ። ሲተኮስ ጋዙ የሚወጣው ከላይ በኩል ባለ ቀዳዳ ነው? የተሠራው በሬታይ፣ በኤኮል፣ በሲዮኒክ ወይም በብሎው ነው? ከሆነ፣ ያ አባት ሲገዛው ሕጋዊ ነበር። ደማቅ ቀለም እስካለው ድረስ ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ያለ ፈቃድ ይገዛው ነበር። ወንጀለኞች ግን እየቀየሩ ሰው መግደያ አደረጉት። የፖሊስና የብሔራዊ ወንጀል መከላከል ኤጀንሲ ምርመራም በቀላሉ እንደሚቀየር አሳየ። ስለዚህ ከፌብሩዋሪ 3 እስከ 28 ቀን 2025 በእንግሊዝና በዌልስ የማስረከቢያ ጊዜ ተሰጠ። ያ ጊዜ አልፏል። ዛሬ ይዞ የተገኘ እስከ 10 ዓመት እስር ሊፈረድበት ይችላል። ብርቱካናማ መሆኑ አያድነውም።

አሁን ሽጉጡ የት ነው ያለው? ትምህርት ቤቱ ቁምሳጥን ውስጥ ከሆነ ነገሩ የእርስዎም ነው። ማንም አይንካው። እርስዎም ያ አባትም ዛሬውኑ ሶሊሲተር (የሕግ ባለሙያ) አነጋግሩ፤ ከዚያ በ101 ለፖሊስ ደውላችሁ እንዴት እንደምታስረክቡ ጠይቁ። በፌስታል ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ መውጣት አይሆንም። ቴምዝ ወንዝ መጣልም፣ ለጓደኛ መስጠትም አይሆንም። ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ያለውን ነገር ማድረግ ይቀናዋል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ደንግጦ የሠራው ነገር ከሽጉጡ የበለጠ ጣጣ ያመጣበታል።

የእንጨቱ ውጅግራ ቀለል ያለ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው እንዲህ ነው፦ ባለሙያ ያልሆነ ሰው፣ ቀርቦ ሳይመረምር፣ ለማጉረስና ለመተኮስ ሳይሞክር፣ ከእውነተኛው ሊለየው ይችላል ወይ? ሻካራ ሆኖ የተጠረበ፣ እንጨትነቱ ከሩቅ የሚታወቅ ከሆነ ሥጋት የለብኝም። ጠራቢው ጎበዝ ሆኖ ልክ እውነተኛ ካስመሰለው ግን «መሥራት» ወደሚለው ክልከላ ይገባል። ከ1870 በፊት የነበረን ዓይነት ጠመንጃ የሚመስል ቢሆን ሕጉ አይከለክለውም ነበር። ውጅግራ ግን የ1874 የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ በአራት ዓመት አመለጠን።

ደግነቱ ሕጉ ለቲያትር ትርኢትና ለልምምዱ በር ከፍቷል። ለሙዚየም፣ ለፊልም ሥራና ለታሪካዊ ክንውን ማሳያም እንደዚሁ። ታሪካዊ ማሳያ ነው የምትሉ ከሆነ ግን አዘጋጁ በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። አዳራሽ ስትከራዩም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ወረቀት ይጠይቋችኋል፤ ቅጂውን ያዙ። ልጆቹን ግን «ሂዱና ገዝታችሁ ኑ» አትበሏቸው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አስመሳይ መሣሪያ የሸጠም፣ የገዛው ልጅም በሕግ ይጠየቃሉ።

እኔን በጣም ያስጨነቀኝ የመንገዱ ጉዞ ነው። አስመሳይም ቢሆን ያለ በቂ ምክንያት አደባባይ ይዞ መገኘት እስከ 12 ወር ያሳስራል። «ለበዓል ነው» ማለት ምክንያት ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ግን እሱ የሚነገረው ፖሊስ ከመጣ በኋላ ነው። መስኮት ላይ ቆማ የምታይ ጎረቤት ዓድዋን አታውቅም። የምታየው ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ ነው። 999 ትደውላለች፤ የሚመጣውም የታጠቀ ፖሊስ ነው። በኖቬምበር 2014 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ በአስመሳይ ሽጉጥ ሲጫወት ሰው ደወለ። የአፈሙዙ ብርቱካናማ ምልክት ተነቅሎ ነበር። ፖሊሱ ከመኪና በወረደ በሰከንዶች ውስጥ ተኮሰበት፤ ልጁ በማግስቱ ሞተ። እሱም ጥቁር ልጅ ነበር። የእኛን ልጆች በዚህ ዓይን አይቼ ነው የምጽፍልዎት።

ስለዚህ መንገድ ላይ በባንዲራ፣ በከበሮና በነጭ ልብስ ይሂዱ። ፉከራው ጠመንጃ ባይኖረውም ያምራል። የእንጨቱን ጠመንጃ በተዘጋ ሳጥን፣ በአዋቂ ሰው መኪና ወደ አዳራሹ አድርሱት፤ እዚያው ይከፈት፣ እዚያው ይታሸግ። የተኩሱን ድምፅ ከስፒከር አውጡት። ጎራዴ የሚይዝ ልጅ ካለ ደግሞ ሳትወስኑ ጻፉልኝ፤ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ስለት የራሱ ክልከላ አለው።