«እንዳትጎጂ ብዬ ነው የደበቅሁሽ»

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። ከተጋባን አራት ዓመታችን ነው፤ ልጅ ገና አልወለድንም። ባለቤቴ መምህር ነው። ማታ ማታ ስልኩ ላይ የጀግኖች ኮሚክ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) ያነባል፤ እነ ሱፐርማን፣ እነ ስፓይደርማን። በቅርቡ ግን ከአንዲት የኮሌጅ ጓደኛው ጋር በድብቅ እንደሚጻጻፍ ደረስኩበት። ስጠይቀው «ምንም የለም፤ እንዳትጎጂ ብዬ ነው የደበቅሁሽ» አለኝ። አማቴ «የልጅ ነገር ነው፤ ስትወልዱ ይተወዋል» ይላሉ። ያበላሸው ንባቡ ነው? ላስጥለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮሚኩን አታስጥይው። ስልኩን ብትነጥቂው ጠቡ ስለ ኮሚክ ይሆንና መጻጻፉ ተድበስብሶ ይቀራል።

ንባቡ ምንም አላስተማረውም ግን አልልም። በእነዚህ ታሪኮች ጀግናው ማንነቱን ከሚወዳት ሴት ይደብቃል፤ ጠላቶቹ እሷን እንዳያጠቁበት። ውሸቱም እንደ ፍቅር ይቆጠርለታል። የባለቤትሽ መልስ ከዚያ የተቀዳ ይመስላል። እሱን የሚያሳድድ ጠላት ግን የለም፤ የሸሸው ያንቺን ጥያቄ ነው።

የእነዚያ ጀግኖች ትዳር ለምን እንደሚፈርስም ማወቅ ይጠቅምሻል። ስፓይደርማን፣ ማለትም ፒተር ፓርከር፣ ሜሪ ጄንን እ.ኤ.አ. በ1987 አገባ። በ2007 በጀመረው ታሪክ የአክስቱን ሕይወት ለማትረፍ ሁለቱ ከሰይጣናዊ ፍጡር ጋር ተዋዋሉ፤ ትዳራቸውም እንዳልነበረ ሆነ። (በሰላም የሚኖሩ ባልና ሚስት ለመለያየት ሰይጣን መጥራት ግድ ሆኖባቸዋል።) እውነተኛው ምክንያት ከታሪኩ ውጭ ነው፤ በወቅቱ የስፓይደርማን አሳታሚ የማርቭል ዋና አርታኢ የነበረው ጆ ኬሳዳ ትዳር ጀግናውን ያስረጀዋል ብሎ ያምን ነበር። ሱፐርማንም በ1996 ሎይስ ሌንን አግብቶ፣ የእሱ አሳታሚ ዲሲ በ2011 ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጀምር ትዳሩ ተሰረዘ፤ በ2016 ተመለሰለት። ማለቂያ የሌለው ተከታታይ ታሪክ ጀግናው ሁልጊዜ ወጣት እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የትዳሩ መፍረስ ስለ ትዳር ብዙም አይነግረንም። ደግሞ ሁሉም አልፈረሰም፤ «ፋንታስቲክ ፎር» በሚባለው ኮሚክ ያሉት ጀግኖች ሪድ ሪቻርድስና ሱ ስቶርም በ1965 ተጋብተው፣ ጠብም መለያየትም አልፈው፣ አሁንም ባልና ሚስት ናቸው።

ባለቤትሽን በሚወደው ነገር አነጋግሪው። ክላርክ ኬንት ሎይስን ካጫት በኋላ፣ ገና ሳይጋቡ፣ በ1991 በወጣ እትም ሱፐርማን መሆኑን ራሱ ነገራት። አሳዳ እስክትይዘው አልጠበቀም። «ለምን የነገራት ይመስልሃል?» በይውና ዝም ብለሽ አዳምጪው።

ይህን ስታደርጊ ማታ ደክሞት ስልኩን በያዘበት ሰዓት አይሁን። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና ላይ፣ ሰው በሌለበት ይሻላል። ጥያቄሽ የተቆረጠ ይሁን፦ መቼ ተጀመረ? ምን ትባባላላችሁ? እኔ ባላገኘው ኖሮ ይቀጥል ነበር? «ትወደኛለህ ወይ?» የሚለውን ለጊዜው ተዪው፤ በአንድ «አዎ» ያመልጥሻል። መጻጻፉን ለማቆም ከተስማማ ለልጅቷ ራሱ ይንገራት፤ አንቺ እንዳትደውዪላት። በየሌሊቱ ስልኩን በድብቅ መፈተሽም ይቅርብሽ፤ እንቅልፍሽን ከመንሣት በቀር እምነትሽን አይመልስልሽም።

አማትሽ «ስትወልዱ ይተወዋል» ያሉት በክፋት አይደለም፤ ነገር ግን ባልሽን ያርመዋል ብለሽ ልጅ እንዳትወልጂ።

ሽማግሌ ለመጥራት አትቸኩዪ። የእኛ አገር ሽማግሌ ማስታረቅ ይችልበታል፤ ሆኖም እውነቱ ሳይነገር «ይቅር በይው» ከተባልሽ ቂሙ ውስጥሽ ይቀራል። ከነገረሽ በኋላም ከቀጠለ ግን ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሰው፣ የንስሐ አባታችሁንም ቢሆን፣ አስገቢ።