ፍሪጁ የት ነው የተቀመጠው?

ልጆቼ፣ በጤና ሥራ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ብዙ ዕቅድ ጽፌያለሁ። አሁን ተራው የእናንተ ነው። የአየር ንብረት ለውጥን ተላምዶ የሰውን ጤና የመጠበቅ ዕቅድ ስታወጡ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ።

ጎርፍ ባደረ ማግስት አንድ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ውሃው ወርዷል፤ ግድግዳው ላይ ግን ወገቤ ድረስ የጭቃ መስመር ጥሏል። የክትባት ፍሪጁን ከፈትኩት። ብልቃጦቹ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ተዘፍቀዋል። ወረቀታቸው ተላጧል፤ የቱ የኩፍኝ እንደሆነ፣ የቱ የቴታነስ እንደሆነ አይለይም። በር ላይ ሕፃን የታቀፈች እናት ቆማለች። ልጇ ያን ቀን ሳይከተብ ተመለሰ።

የጎርፍ ዕቅድ ነበረን። እኔም ፈርሜበታለሁ። «የክትባት አቅርቦት እንዳይቋረጥ ይደረጋል» ይላል። ፍሪጁ የት ነው የተቀመጠው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ምድር ቤት ነበር። ጄነሬተሩም እዚያው አጠገቡ።

እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው አቅም ያነሰው ቦታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 በጋ አውሮፓን የመታው ሙቀት ከ70 ሺህ በላይ ሰው ገድሏል። ፈረንሳይ ውስጥ ብቻ ወደ 15 ሺህ ሰው ሞቷል። ሆስፒታልም መድኃኒትም አልጎደለም። ከሞቱት አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ። ወሩ ደግሞ ነሐሴ ነው፤ ጎረቤቱም ሐኪሙም ለዕረፍት ወጥቷል።

ሙቀት እንደ ጎርፍ ድምፅ የለውም። ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው፤ ደምም ወደ ቆዳ ይገፋል። ይሄ ሁሉ ልብን ያደክማል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ላቡ አይተንም። ሌሊቱም ካልቀዘቀዘ ልብ ማረፊያ ጊዜ ያጣል። ስለዚህ የቀኑን ሙቀት ብቻ አትመልከቱ፤ ሌሊቱ ስንት ዲግሪ እንዳደረም ጠይቁ። ትልልቅ ሰዎችን የሚጥለው ተከታትሎ የሚመጣ ሞቃት ሌሊት ነው።

ፈረንሳዮች በማግስቱ ዓመት ያደረጉትን እወድላቸዋለሁ። ማስጠንቀቂያ አዘጋጁ፤ እሱ ይጠበቃል። ከዚያ ግን እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት፣ ፈቃደኛ የሆኑ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ስም እንዲመዘግብ ታዘዘ። ሙቀቱ ሲመጣ ስልክ ይደወልላቸዋል። በቃ፣ ስምና ስልክ ቁጥር። ለኔ ዕቅድ ማለት ይሄ ነው።

ሕንድ ውስጥ አህመዳባድ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ሙቀት ሲመታት ከወትሮው በላይ 1,344 ሰው ሞተባት። በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጣች። ትንበያው ለሕዝቡም ለሆስፒታሉም አስቀድሞ እንዲደርስ ተደረገ፤ የጤና ባለሙያዎችም ሠለጠኑ። አንድ ሆስፒታል ደግሞ አራስ ሕፃናት የሚተኙበትን ክፍል ከላይኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት አወረደ። ፀሐይ የሚቀጠቅጠው ጣሪያ ሥር ነበሩ። ከወረዱ በኋላ በሙቀት የሚታመመው ሕፃን ቀነሰ።

ልብ አላችሁ? እኛን ጎርፍ ፍሪጁን ወደ ላይ አስወጣን። እነሱን ሙቀት ሕፃናቱን ወደ ታች አስወረዳቸው። የሌላውን ዕቅድ ገልብጣችሁ ስም ብትቀይሩበት ሰው ታስጨርሳላችሁ። ይሄን በጣም አጥብቄ የምናገረው ኮፒ የተደረገ ዕቅድ ስንቴ ጠረጴዛዬ ላይ እንደቀረበ ስለማውቅ ነው። ሕንፃውን ዞራችሁ እዩት። ከሜትሮሎጂ ሰዎች ጋር ወዳጅ ሁኑ። የዝናቡን መዝገብና የወባውን መዝገብ ጎን ለጎን ዘርጓቸው፤ ትንኟ ከዝናቡ ስንት ሳምንት ዘግይታ እንደምትመጣ የራሳችሁ መዝገብ ይነግራችኋል።

መላመድ እጅ መስጠት ነው የሚሏችሁ ይኖራሉ። አየሩን የሚያሞቀውን ጭስ መቀነስ የግድ ነው፣ አልከራከርም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. ከ2030 እስከ 2050 በየዓመቱ 250 ሺህ ተጨማሪ ሰው በምግብ እጥረት፣ በወባ፣ በተቅማጥና በሙቀት ሊሞት እንደሚችል ገምቷል። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ከመካከላችን ናቸው።

ባንግላዴሽን ደግሞ አጥኗት። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ፈጀባት። በ2007 ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመጣባት የሞተው ወደ 3,400 ሰው ነበር። ያም ቢሆን ብዙ ነው። ግን በመሃል ከፍ ያሉ መጠለያዎች ተሠርተዋል፤ ድምፅ ማጉያ ይዘው በየመንደሩ የሚዞሩ በጎ ፈቃደኞችም ሠልጥነዋል።

ፍሪጁን ወደ ላይኛው ፎቅ ያወጣነው በግማሽ ቀን ነው። ዕቃ ሲያነሱ የዋሉት የሌሊት ጥበቃው አባት ጠጋ ብለው «ዶክተር፣ ውሃው ሲገባ እዚህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ቁልፍ ግን አልተሰጠኝም፤ ማን ጋ እንደምደውልም አላውቅም» አሉኝ። ለዚያ ዕቅድ ስንት ስብሰባ ተቀምጠናል፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠራናቸውም። ያኑ ዕለት ቁልፍ አስቀረጽንላቸው። ስልክ ቁጥሬን በትልቁ ጽፌ የጥበቃ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩላቸው።