ባለቤቴ በተጣላን ቁጥር «ተገዙ» የሚለውን ጥቅስ ያነሳብኛል

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በተክሊል ነው የተጋባነው፤ ልጆችም አሉን። ባለቤቴ ጾሙንም ቅዳሴውንም አያጓድልም። ግን በአንድ ነገር ካልተስማማን ልጆቹ ፊት ይጮህብኝና «ሚስቶች ሆይ፥ ለባሎቻችሁ ተገዙ ተብሏል» ይለኛል። ሣራም አብርሃምን «ጌታዬ» ትለው ነበር ይላል። እኔም ሲብስብኝ ዘመዶቼ ባሉበት የደመወዙን ማነስ እያነሳሁ እመልስለታለሁ። ቃሉ በእርግጥ እሱ እንደሚለው ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥቅሱ አለ። ኤፌሶን 5፥22 ነው፤ የሚሰርዘው የለም። ግን ለማን እንደተነገረ ልብ በይ። «ሚስቶች ሆይ» ይላል እንጂ «ባሎች ሆይ፥ ሚስቶቻችሁን አስገዙ» አይልም። ሐዋርያው ባልን የዚህ ትእዛዝ አስፈጻሚ አላደረገውም። ለባል የራሱ ትእዛዝ አለው፤ ቁጥር 25 ላይ። ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት፣ ስለ እርሷም ራሱን አሳልፎ እንደ ሰጠ፣ ሚስቱን ይውደድ ተብሏል። እስኪ የቱ ይከብዳል? ከሁለቱም በፊት ደግሞ ቁጥር 21 አለ፤ እርስ በርሳችን በክርስቶስ ፍርሃት እንድንገዛ ያዝዛል። ባለቤትሽ ይህን ዘሎ ነው የጀመረው።

ሣራን ካነሳ ዘፍጥረት 21፥12ንም አብሮ ያንብብ። በአጋርና በእስማኤል ጉዳይ አብርሃም በጣም ተጨንቆ ሳለ፣ እግዚአብሔር «ሣራ የምትልህን ስማ» ነው ያለው። ባሏን «ጌታዬ» የምትለው ሴት ቃሏ የሚሰማላት ነበረች።

ቅዱስ ጴጥሮስም ሣራን ጠቅሶ እዚያ አላቆመም። ወዲያው በ1ኛ ጴጥሮስ 3፥7 ወደ ባሎች ይዞራል። ሚስቶቻችሁ የሕይወትን ጸጋ አብረዋችሁ ይወርሳሉና አክብሯቸው ይላል፤ ምክንያቱንም ሲጨምር «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» አለ። ይህችን ቁጥር ዘለው የሚሰብኩ አሉ፤ ያሳዝናል። ባለቤትሽ ጸሎተኛ ነው ስላልሽኝ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ኪዳን አድርሶ፣ አስቀድሶ ገብቶ ሚስቱን ልጆቹ ፊት የሚያዋርድ ሰው በገዛ ጸሎቱ ፊት እንቅፋት እያስቀመጠ ነው። ይህን አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህንኑ የኤፌሶን ምዕራፍ ሲተረጉም፣ አገልጋይን እንኳ በማስፈራራት መያዝ እንደማይቻል ይናገራል። የልጆችህን እናት ግን በዛቻ ሳይሆን በፍቅር ነው የምትይዛት፤ ሚስት ከባሏ ፊት የምትንቀጠቀጥበት ምን ዓይነት አንድነት ነው ብሎም ይጠይቃል። በተክሊላችሁ ዕለትም አክሊሉ የተደፋው በሁለታችሁም ራስ ላይ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የደመወዙ ነገር ጥሩ አይደለም። ጩኸቱ ቢጎዳሽም ዘመድ ፊት ገመናውን ማውጣት መልስ አይሆንም። 2ኛ ሳሙኤል 6 ላይ የዳዊት ሚስት ሜልኮል ባሏን በንቀት የተናገረችበትን ታሪክ አንብቢው።

ለዚህ ቀድመሽ ይቅርታ ጠይቂው። «እሱ ሳይጀምር?» ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ ሳይጀምር። ልጆቹ ሲተኙ፣ እሱም ሲረጋጋ፣ «ጥቅሱን አልቃወምም፤ ልጆቼ ፊት ስትጮህብኝ ግን ተዋርጃለሁ» በይው። ካልሰማሽ ወደ ንስሐ አባታችሁ አብራችሁ ቅረቡ። «አልሄድም» ካለ አንቺ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ እሳቸው ይጠሩታል። ለጎረቤትና ለዘመድ ግን አታዳርሺው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አልጻፍሽልኝም፣ ግን ሌሎች እኅቶችም ያነቡታል። ነገሩ ከጩኸት አልፎ ድብደባ ከደረሰ የምክሩ ቅደም ተከተል ይለወጣል። መጀመሪያ ልጆችሽን ይዘሽ ደኅና ቦታ ሁኚ። ለንስሐ አባትሽም ለሕግም አሳውቂ። «መስቀሌ ነው» ብሎ እየተደበደቡ መቀመጥን ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም።