አስተያየት ስትሰበስብ የተጫዋቹን ዋሌት አታስከፍት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። "ጅማ ሆነን በብሎክቼይን (ግብይት ተመዝግቦ በማይሰረዝበት የጋራ የኮምፒውተር መዝገብ) የሚሠራ የምናባዊ መሬት ጨዋታ እያዘጋጀን ነው። የተጫዋቾችን ሐሳብ እንዴት ብንሰበስብ ይሻላል? በላንድ ብዛት (አንድ ተጫዋች በያዘው የጨዋታው መሬት ቁራሽ ልክ) ድምፅ ብናሰጥስ?" ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ጅማ ተቀምጬ ለአንድ የውጭ ቡድን ጨዋታ የአገር ውስጥ ተጫዋቾችን ሁለት ዓመት ገደማ አስተባብሬያለሁ። የጨዋታውን ስም አልጠቅስም። ሐሳብ የመሰብሰቡ ሥራ ሙሉ በሙሉ በእኔ እጅ ነበር። በደንብ የሠራሁት ነገር አለ። በጣም ያጠፋሁትም አለ። አንተ ያሰብከው እኔ ያጠፋሁትን ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ኤንኤፍቲ (የአንድ ዲጂታል ዕቃ የባለቤትነት ምልክት) ምንድን ነው፣ ዋሌት (እነዚህን የምትይዝበት ዲጂታል ቦርሳ) እንዴት ይከፈታል የሚለውን እዘለዋለሁ። እሱን ታውቀዋለህ።

1ኛ. በላንድ ብዛት ድምፅ አታሰጥ። "ዲሴንትራላንድ የሚባለው የምናባዊ መሬት ጨዋታ እኮ እንደዚያ ነው የሚያደርገው" ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። እዚያ አንድ ማና (የጨዋታው ገንዘብ) እንደ አንድ ድምፅ፣ አንድ ላንድ ደግሞ እንደ 2,000 ድምፅ ይቆጠራል። ግን እዚያ ድምፅ የሚሰጠው ተጽፎ፣ ተከራክረውበት፣ ለውሳኔ በቀረበ ሐሳብ ላይ ነው። አንተ ገና ሐሳብ እየለቀምክ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እኛ ጋ ሦስት ሰዎች ብቻቸውን ከአገር ውስጥ ተጫዋቾች ላንድ ከግማሽ በላዩን ይዘው ነበር። ሦስቱም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ "አዲስ መሬት አትልቀቁ።" መሬት የያዘ ሰው ሌላ መሬት እንዳይወጣ ቢፈልግ አይገርምም። ያንን ግን የተጫዋቾች አስተያየት ብለን ለአለቆቻችን ላክነው። አንድ ላንድ ገዝቶ ካርታው አልከፈት ብሎት የተወ ልጅ ድምፁ ከቁጥር አልገባም።

2ኛ. ለአስተያየት ቶክን (የጨዋታውን ክሪፕቶ ገንዘብ) አትክፈል። እኛ ለእያንዳንዱ ሐሳብ ትንሽ ቶክን እንሰጣለን ብለን ለጠፍን። በሁለት ቀን ከ200 በላይ መልእክት መጣ። አብዛኛው "በጣም አሪፍ ጨዋታ ነው፣ በርቱ" የሚል ነው። አንዱ ልጅ ያንኑ ጽሑፍ በአምስት አካውንት ልኮልናል። ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም ክሪፕቶን ለግብይት መጠቀም እንዳልተፈቀደ አስታውቋል። አስተያየት የሰጠህን ሰው ለምን እዚያ ውስጥ ትከተዋለህ? ቡና ጋብዘው፣ ይበቃል።

3ኛ. ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን አትርሳ። አስተያየት መቀበያህን ከዋሌት ጋር አታገናኝ።

እኛ በላንድ ብዛት ልንቆጥር ስለፈለግን፣ ፎርሙን የሚሞላ ሰው መጀመሪያ ዋሌቱን እንዲያገናኝና እንዲፈርም (ዋሌቱ ላይ የሚመጣለትን ጥያቄ እንዲያጸድቅ) አደረግን። ያኔ በጣም ትክክል መስሎኝ ነበር። ማን ስንት ላንድ እንዳለው ይታያል፣ አንድ ሰው ሁለቴ አይሞላም፣ ቦትም (ሰው መስሎ የሚሞላ ፕሮግራም) አይገባም። የተጫዋቾቹ ግሩፕ ላይ በድምፅ መልእክት አስረዳሁ። በስክሪንሾት አሳየሁ። "ፊርማ ሲጠይቃችሁ አትፍሩ፣ ፈርሙ" ያልኩት እኔ ነኝ። የእኛ ፎርም ምንም ችግር አልነበረበትም። ችግሩ ተጫዋቾቹን ምን እንዳስለመድናቸው ነው። አስተያየት መስጠት ማለት ሊንክ ከፍቶ፣ ዋሌት አገናኝቶ፣ መፈረም ነው ብለን አስተማርናቸው።

ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አንድ ሌሊት ግሩፑ ውስጥ ሊንክ ተለጠፈ። የእኛው ሎጎ፣ የእኛው ቀለም፣ "ሁለተኛ ዙር አስተያየት" ይላል። የለጠፈው አካውንት ስሙም ፎቶውም የእኔ ነው። ዩዘርኔሙ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ትለያለች። እኔ ተኝቻለሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። አንድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር ልጅ ነው። 14 ላንድ ነበረው፣ ሁሉም ጎን ለጎን የሆኑ። ከኪስ ገንዘቡ እየቆጠበ ነው አንድ በአንድ የሰበሰባቸው። ላያቸው ላይ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እየሠራ ነበር። የእንጨቱን በረንዳ ምሰሶ በምሰሶ፣ ከራሱ ፎቶ እያየ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጅሬን ወጥቶ ያላነሳውን ጎን እንደሚያነሳ አውቃለሁ። ስልኩን ዘረጋልኝ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ በስንጥቁ ውስጥ ግን ቁጥሩ በደንብ ይታያል፤ ላንድ 0።

የፈረመው "ሴት አፕሩቫል ፎር ኦል" የሚባለውን ነው። ይህንን ስትፈርም ከዚያ ስብስብ ያለህን ላንድ ሁሉ፣ አሁን ያለህንም ወደፊት የምትገዛውንም፣ ሌላ ሰው እንዲያንቀሳቅሰው ትፈቅዳለህ። ሌባው የይለፍ ቃልህ አያስፈልገውም። ዋሌትህን መልሰው የሚከፍቱትን 12 ምስጢራዊ ቃላትም አይጠይቅህም። አንዴ ከፈቀድክለት ወስዶ ይሄዳል። ጨዋታችን ፖሊጎን የሚባል ርካሽ ብሎክቼይን ላይ ስለነበር የጋዝ ክፍያው (ግብይት ለማስፈጸም የሚቆረጠው) ኢምንት ናት፣ እሷም አላስጠረጠረችውም።

ልጁ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። "ጋሼ፣ ፈርሙ ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ?" ነው ያለኝ።

ያንን ቀን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። ለውጭው ቡድን ሁሉንም ላክሁ። የዋሌት አድራሻ፣ ሰዓት፣ ላንዶቹ የሄዱበት አካውንት፣ የሐሰተኛው ሊንክ ስክሪንሾት። ከአራት ቀን በኋላ የመጣው መልስ ሁለት መስመር ነው። ብሎክቼይን ላይ የተፈጸመ ዝውውር አይመለስም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል። ይቅርታ የለ፣ አይዞህ የለ። የተሰረቁት ላንዶች በጨዋታው ገበያ እንዳይሸጡ ማገድ ይችሉ ነበር። ገበያው የራሳቸው ነው። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። አልመለሱልኝም። እስከዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። አንተ የጨዋታው ባለቤት ስለሆንክ ይህን ከአሁኑ አስብበት። የተሰረቀ ላንድ ሪፖርት ሲደረግ ገበያህ ላይ ምን ታደርጋለህ? መልሱን ከመክፈትህ በፊት ጻፈው።

ለተረፉት ልጆች ያደረግነው ይህ ነው። ሁሉም የሰጡትን ፈቃድ እንዲሰርዙ እየደወልኩ፣ አንዳንዶቹ ጋ በአካል እየሄድኩ አሳየኋቸው። መሰረዝ የተወሰደውን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ያድናል። ከዚያ ግሩፑ አናት ላይ አንድ ጽሑፍ ፒን አደረግሁ፤ "እኛ አስተያየት ስንጠይቅ ዋሌት አናስከፍትም። የሚያስከፍት ካለ ሌባ ነው።" አንተ ከመጀመሪያው ቀን ፒን አድርገው።

ታዲያ ሐሳቡን በምን እንሰብስብ ትል ይሆናል። እኔ ከዚያ በኋላ የሠራሁት በደብተር ነው። ባለ መስመር ደብተር ገዛሁና ሰዎቹ ያሉበት ሄድኩ። "ምን ይጨመር?" ብዬ መጠየቅ አቆምኩ። "ስልክህን አውጣና እስቲ አሁን አንድ ላንድ ፈልገህ አሳየኝ" እላለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ አውራ ጣቱን አያለሁ። የት ይቆማል፣ የት ደጋግሞ ይጫናል፣ የት ይመለሳል። አፍ የማይለውን ጣት ያሳያል።

አጂፕ አካባቢ ተራ የሚጠብቅ አንድ የባጃጅ ሾፌር ጨዋታውን ከፈተልኝ። መጀመሪያ ያደረገው ካርታውን መዝጋት ነው። "ይሄ ነገር ሲከፈት ዳታዬን ይጨርሰዋል፣ እኔ በዝርዝር ነው የምፈልገው" አለ። ቢሮ ያሉት ሰዎች የሚኮሩበት ካርታ ነበር። እሱ በቀን ስንት ሜጋ እንዳለው ቆጥሮ የሚጫወት ሰው ነው። ሌላዋ ልጅ፣ መርካቶ ሱቅ የምትሠራ፣ ላንድ ስትገዛ ኔትወርክ ተቋረጠባት። ስክሪኑ ምንም አይልም። ደግማ ተጫነች። ሁለት ላንድ ተገዛ። ሌላ ቀን ደግሞ ግዢው ሳይሳካ ቀረ፣ ጋዙ ግን ተቆረጠ። "ሳልገዛ እንዴት ትቆርጡብኛላችሁ?" አለችኝ። ያልተሳካ ግብይትም ጋዝ እንደሚበላ እኔና አንተ እናውቃለን። እሷ ማወቅ የለባትም። ጨዋታው በቀላል ቋንቋ ሊነግራት ይገባ ነበር። ይህንን በፎርም በጭራሽ አታገኘውም፣ ምክንያቱም እሷ ይህን የምታየው እንደ አስተያየት ሳይሆን እንደ ስርቆት ነው።

ከሁሉ የምኮራበትን ሐሳብ የሰጡኝ ግን ጨዋታውን ተጫውተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሂርማታ ሰፈር የልጃቸው ልጅ የሚጫወት አንድ ሐጂ አሉ። ቤታቸው ቡና ተፈልቶ ከልጁ ጋር ተቀምጠን ሳለ የስልኩን ስክሪን ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት። "ይሄ መሬት ያንተ ነው?" "አዎ አባባ።" "አዋሳኙ ማነው?" ልጁ አላወቀም። እኔም አላወቅሁም። ሐጂ ስልኩን መለሱለትና "አዋሳኙን የማታውቀው መሬት ያንተ አይደለም" አሉት። እዚያው ጻፍኩት። የገጠር የመሬት ደብተር ላይ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ማን እንደሚያዋስን ይጻፋል አይደል? እኛ ላንዱ ገጽ ላይ የቦታውን ቁጥር (ኮኦርዲኔት) እና ዋጋ ብቻ ነበር ያስቀመጥነው። አራቱን አዋሳኞች ከነ ስማቸው እንዲያሳይ ሐሳብ አቀረብኩ፣ ተሠራ። ሰዎች ከጎረቤታቸው ጋር መጻጻፍ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። እንዲያውም አንድ ሌባ ሲሞክር መጀመሪያ ያወቀው አዋሳኙ ነበር፤ "ጎረቤቴ ስሙ ተቀየረ" ብሎ ጻፈልኝ።

ቡና ካልኩ አይቀር፣ ሰው ሰብስበህ ስትጠይቅ አትቸኩል። አቦል ላይ ሁሉም "አሪፍ ነው" ይላል፣ ይሉኝታ ስላለ። ቶና ላይ አንድ ሁለት ቅሬታ ይወጣል። እውነተኛው ነገር የሚነገረው በረካ ላይ ነው። ደብተሬ ውስጥ ምልክት ያደረግሁባቸው ጥሩ ሐሳቦች በሙሉ ሰው ሊሄድ ጫማውን ሲያደርግ የተነገሩ ናቸው ብልህ አላጋነንኩም።

ስለ አዳራሽም ልንገርህ፣ ምክንያቱም አንተም ትሞክረዋለህ። 40 ተጫዋች ልሰበስብ ብዬ ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አስገባሁ። ርዕሱ ላይ "የምናባዊ መሬት ባለቤቶች ስብሰባ" ብዬ ጻፍኩ። የተቀበሉኝ ሰው ደብዳቤውን ጨርሰው እንኳ አላነበቡም። "መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ማን ፈቅዶላችሁ ነው የምትሸጡት?" አሉኝ። ጨዋታ ነው ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ወደ ሌላ ቢሮ ላኩኝ። እዚያ "ይሄ እኛን አይመለከትም፣ ማኅተምም የለውም" አሉ። ሦስተኛው ጋ "ነገ ተመለስ" ተባልኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በመጨረሻ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፍተው ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። ሰው ቆሞ እያናገራቸው ስልካቸውን ማየት! በዚህ እስከዛሬ ቅር ይለኛል።

በኋላ ሳስበው ግን ቃሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እዚህ አገር መሬት እንደማይሸጥ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይናገራል። የከተማ ቦታ በሊዝ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ወረቀትህ ላይ "የመሬት ባለቤትነት" ብለህ አትጻፍ። "የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቾች ውይይት" በል። ውሸት አይደለም። ከአዳራሹ ይልቅ ደግሞ ስምንት ስምንት ሆናችሁ ቡና ቤት ብትቀመጡ ይሻላል፣ በ40 ሰው ፊት የሚናገሩት ሁልጊዜ ያው አራት ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ቀረ። የሰማኸውን ምን እንዳደረግህበት መልሰህ ንገራቸው። እኔ በየወሩ ሦስት ዓምድ ያለው ዝርዝር እለጥፍ ነበር። የተባለው፣ የተሠራው፣ ካልተሠራ ለምን። "አልተሠራም፣ ገንዘብ የለንም" ብለህ ጻፍ፣ ሰው ይረዳል። ዝም ስትል ነው የሚቀየምህ። ሐሳቡን ያመጣውን ሰውም ፈቃዱን ጠይቀህ አመስግነው። የአዋሳኙ ነገር ሲሠራ ለሐጂ ስልኩን ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው። አራቱን ስሞች አንድ በአንድ አስነበቡኝ።

ያ የኪቶ ፉርዲሳ ልጅ ላንዶቹን አላገኘም። ጨዋታውንም ተወው። ፎቶዎቹ ግን አሉት፣ የበረንዳው ሥራ ፋይልም ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ለጨዋታህ ሠሪ ከፈለግህ ፈቃደኛ መሆኑን ጠይቄ አገናኝሃለሁ። የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጽፌ አስቀምጫለሁ። ሁለቱንም ያዝ፣ ብዙ ተጫዋች ሲናደድ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚናገረው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ። ፈረንጅ አራዳ ይመቸኛል፣ ከ11 ሰዓት በኋላ።